ከለንደን የመጣ ዘዴ በቺካጎ ጎዳና፦ ጄን አዳምስ እና የሶሻል ወርክ ሙያ አጀማመር

ጄን አዳምስ በሶሻል ወርክ ትምህርት ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣ ሰዎች አንዷ ናቸው። ይሁንና የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው፤ በ1889 በቺካጎ ከተማ ባቋቋሙት ሐል ሐውስ እና በ1931 በተሸለሙት የኖቤል የሰላም ሽልማት። ከሐል ሐውስ መከፈት በኋላ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ግን በመግቢያ መጻሕፍት ዘንድ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ለተመራማሪ የሚጠቅሙት እነዚያ ዓመታት ናቸው። ከአንድ አገር የተቀዳ የአገልግሎት ዘዴ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች መካከል ሲተከል ምን እንደሚገጥመው የታየው በዚያን ጊዜ ነውና።

ሉላዊነት የቅርብ ዘመን ክስተት ተደርጎ ሲወሰድ፣ የሶሻል ወርክ ሙያም በመጀመሪያ የየአገሩ ተወላጅ ሆኖ ኋላ ዓለም አቀፍ እንደሆነ ይታሰባል። የአዳምስ ሕይወት የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሙያው ገና ሲወለድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር፤ ተገልጋዮቹም እንደዚሁ። ይህ ጽሑፍ የአዳምስን ታሪክ ከዚህ አንጻር ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አዳምስ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1860 በኢሊኖይ ግዛት ሴዳርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆን አዳምስ የወፍጮ ባለቤት፣ የግዛቱ ምክር ቤት አባልና የአብርሃም ሊንከን ወዳጅ ነበሩ። እናታቸው የሞቱት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ነው። በአራት ዓመታቸው የያዛቸው የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ጀርባቸውን አጉብጦ አስቀረው፤ ሕመሙም ዕድሜ ልክ አልተለያቸውም። በ1881 ከሮክፎርድ የሴቶች ሴሚናሪ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበራቸው። በዚያው ክረምት አባታቸው በድንገት ሞቱ። ፊላዴልፊያ በሚገኘው የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ የጀመሩትንም ትምህርት በሕመም ምክንያት ወዲያው አቋረጡ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የተማረች ግን ሥራ የሌላት ሴት ዓመታት ነበሩ፤ ገንዘብ ነበራቸው፣ ትምህርት ነበራቸው፣ የሚያውሉበት ስፍራ ግን አልነበራቸውም።

በዚያ ዘመን የደኅና ቤተሰብ ልጆች እንደሚያደርጉት ወደ አውሮፓ ተጓዙ። በ1883 በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል ያዩት ነገር ከአእምሯቸው አልወጣም። ቅዳሜ ሌሊት፣ እስከ ሰኞ የማይቆይ የተበላሸ አትክልት ለድሆች በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ባዶ እጆች በጋዝ መብራት ሥር ወደ ላይ ተዘርግተው ይታዩ ነበር፤ ጨረታ ያሸነፈ አንድ ሰው ጥቅል ጎመኑን እዚያው ተቀምጦ ሳይታጠብና ሳይበስል በላው። አዳምስ ይህንን ያዩት ከሌሎች ቱሪስቶች ጋር፣ ከጋሪ ላይ ሆነው ነው። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ላይ ይህንን ትዕይንት ሲያነሡ የሚከብዳቸው የድሆቹ ረኃብ ብቻ አይደለም፤ የራሳቸው የተመልካችነት ቦታም ነው።

በሁለተኛው ጉዟቸው፣ በ1888፣ ወደ ለንደን ተመልሰው ቶይንቢ ሆልን ጎበኙ። ቶይንቢ ሆል ቀሳውስቱ ሳሙኤል ባርኔት ከባለቤታቸው ከሄንሪዬታ ጋር በ1884 በኋይትቻፕል ሰፈር ያቋቋሙት ቤት ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ወጣቶች በድሆች መካከል መጥተው ይኖሩ፣ በማታ ያስተምሩ፣ ሥዕል ያሳዩ፣ ንግግር ያደርጉ ነበር። በእንግሊዝኛ ሴትልመንት የተባለው ይህ ዓይነቱ ቤት ነው። ዕቅዱ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነበር፤ ሀብታሙና ድሃው የአንድ አገር ልጆች ሆነው ሳለ ተራርቀዋል፤ የተማረው በድሃው አጠገብ ቢኖር ርቀቱ ይጠባል የሚል። በኋይትቻፕል ራሱ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ አይሁድ በየዓመቱ እየበረከቱ ስለነበር ግምቱ ለንደን ላይም ሙሉ በሙሉ አይሠራም ነበር። ቺካጎ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

ቺካጎ በ1870 ከ300 ሺህ ያነሰ ነዋሪ የነበራት ስትሆን በ1890 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን አልፋለች። ከነዋሪዋ ሦስት አራተኛ ያህሉ በውጭ አገር የተወለደ ወይም ወላጆቹ ከውጭ የመጡ ነበር። ይህ ሕዝብ እንዲያው በአጋጣሚ የተሰባሰበ አልነበረም። ከአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ እየተጫነ በቺካጎ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄደው ርካሽ እህል በዚያ የእህልን ዋጋ አውርዶ፣ መሬታቸው እፍኝ የማትሞላ ገበሬዎችን ከቀያቸው ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የተነሣው ገበሬ ያንኑ የእንፋሎት መርከብና የባቡር መሥመር ይዞ ወደ ቺካጎ መጣ፤ በሥጋ ማሸጊያው፣ በብረት ፋብሪካው፣ በልብስ ስፌቱ ተቀጠረ። ከሩሲያ ግዛት የመጡት አይሁድ ደግሞ ከ1881 ጀምሮ ከደረሰባቸው ጥቃት የሸሹ ነበሩ። እህሉን የላከችውና ሰውን የተቀበለችው አንዲት ከተማ መሆኗን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ሉላዊነት የምንለው ሒደት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝለትም።

አዳምስና የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ኤለን ጌትስ ስታር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1889 በሆልስቴድ ጎዳና ላይ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ገቡ። ቤቱን በ1856 ያሠራው ቻርልስ ሐል የተባለ ነጋዴ ስለነበር ስሙን ከእርሱ ያዘ። በዙሪያው ጣልያኖች፣ አየርላንዶች፣ ጀርመኖች፣ ቦሔሚያዎች፣ የፖላንድና የሩሲያ አይሁድ፣ ቆይቶም ግሪኮች ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ያደረጉት ቶይንቢ ሆል ላይ ያዩትን ነው። ልብ ወለድ መጽሐፍ በጋራ የሚነበብበት ምሽት አዘጋጁ፤ ከአውሮፓ ያመጧቸውን ሥዕሎች ሰቀሉ። ጎረቤቶቹም መጡ። ነገር ግን የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ አራስ ልጅ እንዲታጠብላቸው፣ ታማሚ እንዲጠበቅላቸው፣ እናት ፋብሪካ ስትውል ሕፃን እንዲያዝላት፣ አስከሬን እንዲገነዝላቸው። መዋዕለ ሕፃናቱ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። የሥዕሉ አዳራሽም አልቀረም፤ በ1891 ራሱን የቻለ ሕንፃ ተሠራለት። አዳምስ ከለንደን ያመጡትን አልጣሉትም፤ ቅድሚያውን ግን ጎረቤቶቹ ቀየሩት።

ስለ ሕዝባዊ ወጥ ቤቱ የሚነገረው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጎረቤቶቹ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት ስለሚውሉ ምግባቸው ከቆርቆሮ የሚወጣ፣ ውድና ጥቅሙ አነስተኛ እንደሆነ በጥናት ታወቀ። በዚያን ጊዜ ቦስተን ውስጥ በሳይንሳዊ መንገድ የተመጠነ ርካሽ ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ነበር። ከሐል ሐውስ ነዋሪዎች አንዷ ቦስተን ድረስ ሄደው ሠለጠኑ፤ ዕቃው ተገዛ፤ ሾርባው በየፋብሪካው ደጃፍ ቀረበ። የምግቡ ንጥረ ነገር ስሌት ትክክል ነበር። ሰዉ ግን አልገዛም። የጣልያኑም የአይሁዱም የአየርላንዱም ምላስ የለመደው ሌላ ነበር፤ ከሴቶቹም አንዷ ሾርባው ገንቢ መሆኑን እንደምታምን፣ እርሷ ግን የምትወደውን መብላት እንደምትመርጥ በግልጽ ተናገረች። ወጥ ቤቱ ቀስ በቀስ ቡና ቤት ሆነ፤ ሰዎች ሻይና ቡና እየጠጡ የሚሰበሰቡበት፣ ከመጠጥ ቤቶች ሌላ አማራጭ የሆነ ስፍራ። አዳምስ ይህንን እንደ ውድቀት አልቆጠሩትም። ዘመናዊ የልማት ፕሮጀክት ገምጋሚ ቢሆን ምናልባት ይቆጥረው ነበር።

የወጥ ቤቱ ስሕተት የተባከነ ሾርባ ብቻ ነው ያስከተለው። በ1893 የተጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ግን የከፋ ነገር አመጣ። በዚያ ክረምት ቺካጎ ውስጥ ሥራ ያጣው ሕዝብ ብዛት የከተማይቱን የበጎ አድራጎት ተቋማት አቅም አልፎ ነበር። በጊዜው ሥልጡን ተብሎ የሚሠራበት የእርዳታ ዘዴ የተደራጀ በጎ አድራጎት የሚባለው ነው። ይህም በ1869 በለንደን ተጀምሮ፣ በ1877 በቡፋሎ ከተማ በኩል አሜሪካ የገባ ነው። መርሑ ግልጽ ነበር፤ እርዳታ ከመሰጠቱ በፊት አመልካቹ ይመረመር፤ መሥራት የሚችል ሰው ሥራ እያለ አይረዳ፤ ጥገኝነት አይበረታታ። አዳምስም በሐል ሐውስ አካባቢ በተከፈተ ጣቢያ ይህንኑ መርሕ ይዘው አመልካቾችን ይቀበሉ ነበር።

ከአመልካቾቹ አንዱ በጭነት ክፍል ጸሐፊነት ይሠራ የነበረ፣ የሁለት ሕፃናት አባት ነበር። ከተማይቱ በምታስቆፍረው የፍሳሽ ቦይ ላይ የጉልበት ሥራ እንዳለ፣ እርዳታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እርሱን መሞከር እንዳለበት አዳምስ ነገሩት። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ቤት ውስጥ የሠራ መሆኑን፣ በክረምት ደጅ ላይ መቆፈር እንደማይችል አስረዳ። መርሑ ግን መርሕ ነበርና ጸኑ። ሰውየው ሌላ እርዳታ አልጠየቀም። ሁለት ቀን በቦዩ ላይ ቆፈረ፤ የሳንባ ምች ያዘው፤ በሳምንቱ ሞተ። አዳምስ የሁለቱን ልጆች ዱካ ከዚያ በኋላ አላጠፉም። ነገሩንም አልሸሸጉም፤ በ1910 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ከስማቸው ጋር አያይዘው ጻፉት።

በሶሻል ወርክ ታሪክ ውስጥ ይህ አጭር ክፍል ከብዙ የፅንሰ ሐሳብ መጻሕፍት ይልቅ ክብደት አለው። ስሕተቱ ከክፋት ወይም ከስንፍና አልመጣም፤ በጊዜው ምርጥ የተባለውን አሠራር በታማኝነት ከመፈጸም የመጣ ነው። አሠራሩ የተነደፈው ማንኛውም ድሃ ለማንኛውም ሥራ ብቁ ነው ብሎ በሚያስብ ሰው ነበር። በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ስለ ገዛ አካሉ የሚያውቀውን ለመስማት በመርሑ ውስጥ ቦታ አልተተወም።

በ1902 የታተመው ዴሞክራሲ እና ማኅበራዊ ሥነ ምግባር የተሰኘው መጽሐፋቸው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ የተጻፈ ይመስላል። በመጽሐፉ ውስጥ እርዳታ ፈላጊን ቤት ለቤት የምትጎበኝ ወጣት ሴት ትታያለች። ወጣቷ የምትሰብከው ቁጠባን፣ ጥንቃቄን፣ በሥራ መትጋትን ነው። የምትጎበኛቸው ሰዎች ግን ያላቸውን ለተራበ ጎረቤት ሳይመረምሩ ያካፍላሉ፤ እንዲህ የማያደርገውን ሰው እንደ ንፉግ ይቆጥሩታል። ስለዚህ የጎብኚዋ ጥንቃቄ ለእነርሱ የልብ ድንጋይነት ነው። አዳምስ ሁለቱን ሥነ ምግባሮች አስተያይተው የድሆቹን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው አላሉም፤ የጎብኚዋ ግን ያለ ጥርጥር የበላይ መሆኑ አበቃለት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ትምህርት ያገኙት ከፖለቲካ ሽንፈት ነው። የ19ኛው ቀጣና የከተማ ምክር ቤት ተወካይ ጆን ፓወርስ በሙስና የታወቁ ሰው ነበሩ። ሐል ሐውስ በምርጫ ሊጥላቸው ሞክሮ አልተሳካለትም። አዳምስ ምክንያቱን ሲመረምሩ ፓወርስ ለሟች ቤተሰብ የቀብር ወጪ እንደሚሸፍኑ፣ የታሰረ እንደሚያስፈቱ፣ ለሥራ አጥ ሥራ እንደሚፈልጉ፣ በገና ሰሞን ለየቤቱ የሚታረድ እንደሚልኩ ተገነዘቡ። መራጩ ተታልሎ አልነበረም። በሚያውቀው የመረዳዳት ሚዛን መዝኖ ነው የመረጠው። ተሐድሶ ፈላጊዎቹ ያቀረቡለት ንጹሕ አስተዳደር የሚባል ሩቅ ነገር ሲሆን፣ ፓወርስ ያቀረቡለት ግን ቀብር ላይ መገኘትን ነው።

ከውጭ የመጣ ዘዴ ሁሉ ግን አልከሸፈም። በለንደን ቻርልስ ቡዝ የድህነትን ስርጭት በቀለም የሚያሳዩ ካርታዎች ሠርተው ነበር። በ1891 መጨረሻ ወደ ሐል ሐውስ የገቡት ፍሎረንስ ኬሊ፣ የፍሬድሪክ ኤንግልስን ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ሁኔታ የተጻፈ መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙ ሴት ነበሩ። በ1895 በእርሳቸው መሪነት የተዘጋጀው የሐል ሐውስ ካርታዎችና ጽሑፎች የተሰኘው ጥናት የቡዝን ዘዴ ወስዶ፣ ለንደን ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከደመወዝ ካርታው ጎን የብሔረሰብ ካርታ። በጥቂት መንገዶች መካከል 18 ብሔረሰቦች ተቆጠሩ። ዘዴው ተቀድቷል፤ ጥያቄው ግን የሰፈሩ ነበር። ኬሊ ባሰባሰቡት ማስረጃ ኢሊኖይ በ1893 ከ14 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በፋብሪካ እንዳይሠሩ፣ የሴቶችም የሥራ ቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚደነግግ ሕግ አወጣች። የ8 ሰዓቱን ድንጋጌ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 ሻረው።

በዚያው ዓመት አዳምስ የ19ኛው ቀጣና የቆሻሻ ማንሣት ተቆጣጣሪ ሆነው በዓመት 1,000 ዶላር ደመወዝ ተሾሙ። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥተው የቆሻሻ ጋሪዎቹን ይከተሉ ነበር። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆን ቆሻሻ ሲነሣ ከሥሩ የተነጠፈ ድንጋይ ተገኘ፤ የሰፈሩ ሰው መንገዱ ንጣፍ እንዳለው አያውቅም ነበር።

በ1900 የተከፈተው የሥራ ሙዚየም ከሁሉ ይልቅ የአዳምስ የራሳቸው ፈጠራ ነው። ሐሳቡ የመጣላቸው አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት በመንገድ ዳር ተቀምጠው በእንዝርት ሲፈትሉ አይተው እንደሆነ ጽፈዋል። የስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው እንግሊዝኛ ሲናገሩ፣ በፋብሪካ ሲቀጠሩ፣ ሻሽ ባሰሩ እናቶቻቸው ማፈር ጀምረው ነበር። ሙዚየሙ እናቶቹን አስተማሪ አደረጋቸው። የሶርያ፣ የግሪክ፣ የሩሲያ፣ የአየርላንድ፣ የጣልያን ሴቶች እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ፈትል ተቀምጠው አሳዩ፤ ጎብኚውም ከእንዝርት እስከ ፋብሪካው መዘውር ያለውን ታሪክ በአንድ ክፍል ውስጥ አየ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዝርት ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ እናቱ የምታውቀው ጥበብ ከፋብሪካ ልብስ ጎን ሲቀል ምን እንደሚሰማም እንዲሁ። አሠልጣኝና ሠልጣኝ ቦታ የተለዋወጡበት ይህ ሙዚየም፣ ዛሬ በሙያው ውስጥ ከማኅበረሰቡ ሀብት መነሣት ለሚባለው አካሄድ ቀደምት አብነት ሊሆን ይችላል።

የአዳምስ ሥራ ድንበር እንደነበረውም መካድ አይገባም። የሐል ሐውስ በር በዋናነት ተከፍቶ የነበረው ከአውሮፓ ለመጡት ነው፤ ከአሜሪካ ደቡብ ወደ ቺካጎ ይመጡ የነበሩት ጥቁሮች ያንኑ ያህል ትኩረት አላገኙም። በ1901 አዳምስ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መስቀልን የሚያወግዝ ጽሑፍ ሲያወጡ የተሰቀሉት ሰዎች ወንጀል ሠርተዋል የሚለውን ክስ እንዳለ ተቀብለው ነበር። አይዳ ቢ. ዌልስ በዚያው ዓመት በሰጡት መልስ ክሱ ራሱ በአብዛኛው ሐሰት መሆኑን በቁጥር አሳዩ። የጎረቤቶቹን ድምፅ መስማትን የተማረው ሰው የማንን ድምፅ እንዳልሰማ ያሳየው ይህ ክርክር ነበር። አዳምስ በ1909 ጥቁሮችን ለመብታቸው የሚያደራጀው ብሔራዊ ማኅበር ሲመሠረት ከጥሪው ፈራሚዎች አንዷ ሆነዋል።

ሴትልመንቱ በበኩሉ ጉዞውን ቀጠለ። በ1897 ካታያማ ሴን በቶኪዮ ኪንግዝሊ ሆልን ከፈቱ። አሜሪካ ውስጥ በ1891 ስድስት ብቻ የነበሩት ሴትልመንቶች በ1910 ወደ 400 ደረሱ። ከሐል ሐውስ ጋር የተቆራኙት ኢዲት አበት እና ሶፎኒስባ ብሬኪንሪጅ የመሩት የቺካጎው የሙያ ትምህርት ቤት በ1920 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። ትምህርቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጎረቤት የነበረው ሰው ባለጉዳይ እየሆነ ሄደ፤ ይህ ለሙያው ክብርም ኪሳራም ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዳምስ በ1915 በሄግ የተሰበሰበውን ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ መሩ። ለዚህም በአገራቸው ብዙ ተወገዙ። የኖቤል ሽልማቱ ሲመጣ ድርሻቸውን በፕሬዚዳንትነት ላገለገሉት ዓለም አቀፍ የሴቶች የሰላም ማኅበር ሰጡ። ሜይ 21 ቀን 1935 በቺካጎ ሞቱ፤ በሴዳርቪል ተቀበሩ።

ሐል ሐውስ በአዳምስ ዘመን 13 ሕንፃዎች ነበሩት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተማይቱ ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ግቢ ሰፈሩን መረጠች። የጣልያንና የግሪክ ተወላጅ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ እስከ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። ቤቶቹ ፈርሰው ከ13ቱ ሕንፃዎች የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ዛሬ ሙዚየም ናቸው። በዚያ ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ኮሌጁን በጄን አዳምስ ስም ሰየመው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትስስር የመጣው በዚሁ ኮሌጅ በኩል ነው። በአዲስ አበባ በ1959 የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተዘግቶ ነበር። በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ሲጀመር ዋና አጋሩ የቺካጎው የጄን አዳምስ ኮሌጅ ሆነ። ሥርዓተ ትምህርትና መምህራን ከሆልስቴድ ጎዳና ተነሥተው ሲመጡ፣ በአዲስ አበባ የሚጠብቃቸው ማንም ባለሙያ ሳያደራጀው ሙታን የሚቀብርና ኀዘንተኛ የሚያጽናና እድር ነበር። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቆይተው በገዳም ሰፈር ከነዋሪዎች ጋር በሠሩት የማኅበረሰብ ልማት ሥራ መነሻ የተደረገው፣ ሰፈሩ የሚጎድለው ዝርዝር ሳይሆን በእጁ ያለው ነው።